የክንፌ ዋጋ

ሃምሳ አለቃ ክሌግ ይባላል በአገሩ፣
ቡሬ ግን «ክንፌ» አለው፤ እንዲህ ነው ነገሩ።

ዘመኑ ሠላሳ ሦስት፣ መጋቢት ሲጀምር፣
ጣሊያን ምሽጉን ጥሎ በሌሊት ሲሰወር፣
አባቴ ለእንግሊዞች በቅሎ ጫኝ ነበር።
ሰውዬው ከግመል ወርዶ ሲያነክስ አዩና
«ጥይት ነው?» ቢሉት ሳቀ፤ እግሩን አነሣና
ባዶ አየር መታ በጎን፣ ሩር እንደሚመታ።
ጓንጉል አስተርጓሚው፣ የካርቱም ሸመታ
ጎዶሎ እንግሊዝኛውን ሊያወጣ ለእይታ፣
«ኳስ ነበር እንጀራዬ፣ ክንፍ ነበርኩ ይላል»
ብሎ ሲተረጉም ገበያው ይስቃል።
«ክንፍ?» አለች ጥሩወርቅ፣ ጌሾ የምትሸጠው፣
«መልአክ ነዋ ታዲያ! ፀሐይ የላጠው!»
ከዚያን ዕለት ወዲህ ክንፌ ሆኖ ቀረ፣
የክርስትና ስሙ ካኪ ውስጥ ተቀበረ።

ማታ ከእሳቱ ዳር፣ በቅሎው ገብስ ሲቆረጥም፣
ክንፌ እያወጋ፣ ጓንጉል ሲተረጉም፣
በአሥራ አራት ዓመቱ ጉድጓድ ወረደ አሉ፣
ከሰል ነው እህሉ፣ የአባቱም የሁሉ።
በጨለማ ገብቶ በጨለማ ሲወጣ፣
ፀሐይን የሚያያት እሑድ ነው፣ ብትመጣ።
ቅዳሜ ከሰዓት ግን፣ ከከሰል ክምር ጀርባ፣
ከነጥላሸቱ ሜዳ ላይ ሲገባ፣
የሸማኔ መወርወሪያ ነው በመስመሩ ዳር፣
ተከላካይ ወድቆ ሲያቅፍ ባዶ ሣር።

ባለባርኔጣ መጣ፣ ወረቀት ዘረጋ።
በሳምንት ስምንት ፓውንድ፣ ይኸው ነው የእግር ዋጋ፤
ጎል ቢያገባም ስምንት፣ ሕዝብ ቢያብድም ስምንት፣
ስምንትን ማለፍ ነውር ነው በእነሱ ሥርዓት።
አንድ ቀን ብቻ ነበር፣ ዝናብ ሲያርስ ሜዳውን፣
ስድሳ ሺህ ባርኔጣ ሲጠብቅ አንድ እግሩን፣
መታት።
ቋ!
እንጨቱ መለሳት።
እስከ ቡሬ ድረስ ያ ድምፅ ተከትሎታል፣
ድንኳኑን ነፋስ ሲመታው ከእንቅልፍ ያስነሣዋል።

«ከዚያማ...» ብሎ ጓንጉል አንድ ቃል ላይ ያዘ፣
ደግሞ ጠየቀው፣ ሰማ፣ ደግሞ ፈዘዘ፤
«ተሸጠ» አለ በመጨረሻ። «ምኑ?» «እሱ ራሱ።»
«ሰው?» አለ አባቴ፣ ታሰረ ምላሱ።
«በስንት?»
«አራት ሺህ ፓውንድ።» አባቴ አሰላ፣
በበሬ መነዘረው፤ በሬው ሜዳ ሞላ።
«ከቡሬ እስከ ማንኩሳ መንገዱን የዘጋ፣
ከዚህ ሁሉ ቀንድ ላንተ ስንት ተጠጋ?»
ክንፌ አሥር ጣቶቹን ለእሳቱ ዘረጋ።
አሥር ፓውንድ።

አርበኛው ቢምረው ጠመንጃውን ሳበ፣
«የሸጠህ የት አለ?» ብሎ ወደሱ ቀረበ፤
«ጣሊያንን ስንጨርስ እንሄዳለን አብረን፣
ከነወረቀቱ እናስለቅቅሃለን።»
ይህ ሲተረጎምለት ክንፌ አልሳቀም፣
ትንባሆው እስኪያልቅ ቀና ብሎ አላየም።

የገዛው ክለብ ጋ ዓመትም አልሞላም፤
በጥር ጭቃ ጉልበቱ ቀጭ አለ፣ ቢያሹት አልዳነም።
ስሙን ሰርዘው ወዲያው ሌላ ክንፍ ገዙ፤
የቢራ በርሜሎች ትከሻውን ያዙ።

አንድ እሑድ በቡሬ፣ ከጣሊያን ድንኳን ቅዳጅ
የጤፍ ጭድ ጠቅጥቆ ኳስ ሰፋ በእጅ፤
አባቴን በግራ መስመር አቁሞ «ሩጥ» አለ፣
እሱ በዱላው ጫፍ ሜዳውን ከፈለ።
አንዴ ኳሷ መጥታ እግሩ ሥር ስትወድቅ
አሥር እርምጃ በረረ፣ ጉልበቱም ሳያውቅ፤
ከዚያ ወድቆ ሳቀ፤ አባቴም ሳቀ፣
አቧራው ሁለቱን በአንድ ስም አጠመቀ።

ጦሩ ወደ ማርቆስ ሲነሣ ክንፌ ሄደ፣
ወሬው ዓባይን ሲሻገር እንደ ጉም ተናደ።

ባለፈው ለወንድሜ ልጅ፣ ለግራ እግረኛው፣
ከባሕር ዳር ወኪል መጣ በመኪናው፤
ሚሊዮን አለ፣ ሁለት አለ፣ ቤቱ እልል አለ፣
ልጁ እስክሪብቶውን ከኪሱ ነቀለ።
እኔ ግን አሥር ጣት ታየኝ ከእሳት ዳር፤
ያባቴ ጥያቄ በአፌ ሲናገር፦

«ከዚህ ሁሉ ቀንድ፣ ላንተስ ስንት ተጠጋ?»